የጌሾ ነጋዴዋ ጥያቄ

ባለፈው ሰሞን ከደባርቅ ስንመለስ ኮሶዬ ላይ ለምሳ ወረድን። መኪናውን የሚነዳው የእህቴ ልጅ ቢንያም ነበር። ኮሶዬ መቼም ብርዷን አትለቅም፤ እኩለ ቀን አልፎም ጉሙ ከገደሉ አፍ እየተነሣ አስፋልቱን ይሻገራል፤ በሩ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ጋቢ ይመኛል። ዕለቱ ዓርብ ስለነበር ሽሮ ከቃሪያ ስንግ ጋር አዘዝን። ሽሮው እየተንተከተከ መጣ፤ ቢንያም እንደ ልማዱ ሳይበርድ ጀመረውና ምላሱን አቃጠለ።

ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን የምርጫ ክርክር ያሳይ ነበር። ጠያቂዋ ስለ ግብር ጠየቀች። አንድ መነጽር ያደረገ ተወዳዳሪ፣ ግብር መክፈል የማይቀር ነገር መሆኑን፣ ነገር ግን ዘንድሮ ከፋዩን ያደኸየ ግብር ለከርሞ ከፋይ እንደማያገኝ ረጋ ብሎ አስረዳ። ነገሩ ደስ አለኝና ቢንያምን፣ ይሄ ሰው የተናገረው ልክ አይደለም ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ልጁ ጉርሻውን እንደያዘ ቀና አለና፣ «ቆይ፣ የየትኛው ፓርቲ ነው?» አለኝ።

መጀመሪያ ሳቅኩ። ቢንያም ሞኝ አይደለም፤ የሒሳብ ትምህርት ተምሯል፣ ሥራው ላይም የተመሰገነ ነው። ነገር ግን የሰውየው ፓርቲ እስኪነገረው ድረስ ግብሩ ጥሩ ይሁን መጥፎ አያውቅም ማለት ነው። ልቆጣው ፈለግኩና ቃሉ ከንፈሬ ላይ ሲደርስ ቀረ፤ ምክንያቱም እሱን የምቆጣበት አፍ የለኝም። ትሪውን ወደ እሱ ገፋሁለት። ለምን አፍ እንደሌለኝ ለመናገር ሃያ ዓመት ገደማ ወደኋላ መመለስ አለብኝ።

ያኔ የሃያ አንድ ዓመት ወጣት ነበርኩ፤ ጎንደር መምህራን ኮሌጅ እማራለሁ። አባታችን ከሞተ ቆይቷል። እናታችን ተዋበች ቅዳሜ ገበያ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ጌሾና ብቅል ትሸጥ ነበር፤ በገበያው ውስጥ ስሟ «ተዋበች ጌሾ» ነው። ቅጠሉ ለጠላ፣ እንጨቱ ለጠጅ ተለይቶ ይቀመጣል፤ ብቅሉ በጆንያ ግድግዳውን ይዞ ይደረደራል። የጌሾ ሽታ ልብስ ውስጥ ይገባል፤ ተማሪ ቤት ሳለሁ ከጎኔ የሚቀመጡት ልጆች ጠማቂ ይሉኝ ነበር። አፍሬበት አላውቅም ብል ውሸት ነው።

የጌሾ ንግድ ዓመቱን ሙሉ አንድ አይደለም። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለጥምቀት፣ ለጥር ሠርግ ሰው ይጋፋል። ክረምት ሲገባ ግን ከጧት እስከ ማታ ዝናቡን ስትቆጥር ትውላለች። ታዲያ ደብተር የማይዝ ትንሽ ነጋዴ ግብሩ የሚወሰነው በግምት ነበርና፣ ገማቾቹ እናቴ ሱቅ የመጡት ለጥምቀት ሳምንት ሲቀረው ነው። የጎንደር ሴት ሁሉ ጠላ ሊጥል ደጃፏ ተኮልኩሏል። ከሰዎቹ አንዱ በጨዋ አንደበት፣ እናት፣ ገበያ እንዴት ነው ብሎ ጠየቃት። እናቴ የምታውቀው አንድ መልስ ብቻ ነው። ባላገር ሆና ያደገች ሴት፣ በእግዜር ሲሳይ ላይ ማማረር ነውር ነው ተብላ ያደገች ሴት፣ ገበያ እንዴት ነው ስትባል፣ «ተመስገን፣ ሸጋ ነው» ትላለች። በሐምሌ አንድ ኪሎ ሳትሸጥ ብትውልም የምትለው ይህንኑ ነው። ሰውየው ጻፈው።

በዓመቱ የመጣው ግብር የሦስት ሱቅ ግብር ነበር። ለመነች፣ ተመላለሰች፣ የሚሰማት አጣች። በሚቀጥለው ዓመት ጥምቀት፣ በዓሉ ባለፈ በሳምንቱ መጥተው በሩ ላይ ወረቀት ለጠፉና ቁልፉን አሸጉት። ለፋሲካ ብላ የገዛችው ብቅልና ጌሾ ውስጥ ቀረ። ያላትን ሁሉ ያፈሰሰችው እዚያ ላይ ነው። የሱቁ ጣሪያ ደግሞ ያፈሳል፤ ክረምት ሳይገባ ካልተከፈተ ብቅሉ አለቀለት ማለት ነው። እኔም፣ ታላቅ እህቴም ከሕፃን ልጇ ከቢንያም ጋር፣ እናቴም የምንኖረው በዚያ ብቅል ነበር።

በዚህ ጊዜ ሁለት ሰዎች ደረሱላት። አንደኛው አያ ይማም ነበሩ፤ ከሱቋ ፊት ለፊት አቡጀዲና ቀሚስ ጨርቅ የሚሸጡ፣ ከአያት ከቅድመ አያት ነጋዴ የሆኑ፣ በገበያው ውስጥ ቃላቸው የሚሰማ ሰው። ሁለተኛው መምህር አስናቀ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል ታሪክ ያስተማረኝ፣ እንደ እሱ በሆንኩ ብዬ አረማመዱን ሳይቀር የምኮርጅለት መምህሬ። ሁለቱ የልብ ወዳጆች ናቸው። የእስላምና የክርስቲያን ሥጋ ስለማይገናኝ ዘወትር የሚበሉት ዓሣ ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጎርጎራ የመጣ ዓሣ ያስጠብሱና አንድ ትሪ ላይ እየተከራከሩ ይበላሉ። አጥንቱን የሚለቅሙት አያ ይማም ናቸው፤ መምህር አስናቀ ክርክር ሲይዝ እሾህ ይውጣል እየተባለ ይቀለድበት ነበር።

አንድ የካቲት ቀን ጨርቁ መሀል ተቀምጠው የእናቴንና የመሰሎቿን ማመልከቻ አረቀቁ። በደንብ የገለበጥኩት እኔ ነኝ፤ ጽሕፈቴ ያምር ነበር። ነገሩ ቀላል ነው፤ ግብር አንከፍልም አላልንም ይላል። ነገር ግን ግምቱ በጥምቀት ሰሞን ብቻ አይታይ፤ ከሐምሌ አንድ ቀን፣ ከጥምቀት አንድ ቀን፣ ከዘወትሩም አንድ ቀን ይታይና መሀሉ ይወሰድ። አያ ይማም የራሳቸውም ሱቅ በበዓል ዋዜማ ተገምቶ ስለነበር፣ ይህችን ስጽፍ ደስ ብሏቸው ጉልበታቸውን መቱ። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ ሦስት ጊዜ አስነብባኝ በቃሏ ያዘችው። ሁለቱም በሽምግልና ፈርመው ራሳቸው ወደ መሥሪያ ቤቱ ሊወስዱላት ቃል ገቡ።

ሳይፈርሙ ምርጫው መጣ። የተከበረ ሰው መቼም ፓርቲ ሁሉ ይፈልገዋል። አያ ይማም በገዢው ፓርቲ በኩል ቀረቡ፤ ምልክታቸው ዶሮ ሆነ። መምህር አስናቀ በተቃዋሚው በኩል ቀረበ፤ የእሱ ምልክት ጥላ ነበር። እናቴ ማመልከቻውን ይዛ አንዱ ዘንድ ስትሄድ፣ ትንሽ ይለፍ ይሏታል። ሌላው ዘንድ ስትሄድ፣ አሁን ጊዜው አይደለም ይላታል። ያ የቅዳሜ ዓሣም ቀረ። እኔ ግን ይህን ሁሉ በቅጡ አላየሁም፤ እኔ የጥላ ልጅ ሆኛለሁ።

እንዴት ያለ ሰሞን ነበር! ከትምህርት ስንወጣ ጥላችንን ዘርግተን ከተማውን እንዞራለን። ቅዳሜ ሲሆን በጭነት መኪና ተጭነን ገጠር እንወርዳለን። አንድ ቀን ኮላ ድባ ገበያ ላይ፣ ያ የደንቢያ ሙቀት ራስ በሚበሳበት ሰዓት፣ አንድ ሽምብራ የሚሸጥ ገበሬ፣ ሁለቱንም ሳልሰማ ለማንም እጄን አልሰጥም አለኝ። ዛሬ ሳስበው ከእኔ የተሻለ መራጭ ነበር። ያኔ ግን ደሜ ፈላ። እዚያው ቆሜ፣ «መሀል ሰፋሪ፣ ሁለት ቤት አዳሪ!» ብዬ እያጨበጨብኩ ጀመርኩበት። ቤት ሲመታልኝ ጊዜ ጓደኞቼ ተቀበሉኝ። ገበሬው ሽምብራውን ሰብስቦ ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለዘብ ያለ ነገር የተናገረ ሰው ሁሉ በዚህች ግጥም ይባረር ጀመር። ዶሮዎቹም ወደዷትና ለራሳቸው ወሰዷት። በግጥሜ ኮራሁ።

ሚያዝያ ላይ ሁለቱ ተወዳዳሪዎች በከተማው አዳራሽ ለክርክር ተገናኙ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ዶሮዎቹ በግራ ተቀምጠው እንደ ዶሮ ይጮኻሉ፤ እኛ በቀኝ ሆነን ጣሪያ ሥር ጥላ ዘርግተን የኋለኛውን ሰው እናስቆጣለን። ሰብሳቢው ከብዙ ልመና በኋላ ጸጥ አስደረገንና ስለ ትንንሽ ነጋዴዎች ግብር ጠየቀ።

አያ ይማም መነጽራቸውን አድርገው ከወረቀት አነበቡ። ግምቱ በጥናት የተሠራ ነው፣ ነጋዴው ካተረፈው ላይ ነው የተጠየቀው፣ የሚያለቅሰው ሊደብቅ የፈለገ ብቻ ነው አሉ። ክው አልኩ። ጉልበታቸውን የመቱትን ሰውዬ በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። አንብበው እስኪጨርሱ ቀና አላሉም። የእኛ ወገን ጮኸባቸው፤ እኔም አብሬ ጮኽኩ።

ቀጥሎ መምህር አስናቀ ተነሣ። አሁን እውነቱን ይናገራል ብዬ ትንፋሼን ዋጥኩ። እሱ ግን ከነጭራሹ ግብር የሚባል ነገር ከትንሽ ነጋዴ ላይ እንደሚነሣ፣ ያስተካክሉልን እያሉ የሚለምኑትም የገዢውን ዕድሜ የሚያራዝሙ መሆናቸውን ተናገረ። «ግምቱ ይስተካከል ማለት ለሌባ ሚዛን ማቀበል ነው» አለ። ለሁለተኛ ጊዜ ደነገጥኩ። ይስተካከል የሚለውን ቃል ለእኔ ያስጻፈኝ እሱ ነው። ደንግጬ ግን እጄ ያጨበጭብ ነበር፤ ጎኔ ያሉት ስላጨበጨቡ፣ መምህሬም ስለሆነ፣ ጥላም ስለሆነ። ድንጋጤና ጭብጨባ በአንድ ሰው ላይ በአንድ ጊዜ ሊሆኑ እንደሚችሉ ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

ከዚያ ሰብሳቢው ጥያቄ ያለው ካለ አለ። ከሴቶቹ በኩል አንዲት ሴት ተነሣችና ድምፅ ማጉያው ተሰጣት።

«አያ ይማም፣ መምህር፣ ተዋበች ነኝ» አለች። «ሁለታችሁም ታውቁኛላችሁ። ግብር አልከፍልም አላልሁም። መሀሉ ይወሰድ ብላችሁ የጻፋችሁት እናንተው ናችሁ፤ ወረቀቱ ይኸው። ዝናብ ሳይገባ ፈርሙልኝ ነው የምለው። ምነው፣ በየካቲት ልክ የነበረ ነገር በሚያዝያ ምን አገኘው?»

አያ ይማም መነጽራቸውን አወለቁ። መምህር አስናቀ ወደ እሳቸው ዞረ፤ ከሁለት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል ዓይን ለዓይን የተያዩት። የመምህሬ ፊት ተለወጠ። አፉን ሊከፍት ሲል አየሁት። ምን ሊል እንደነበር አውቃለሁ፤ ዓመት ሙሉ አስተምሮኛል፣ እውነት ሲያሸንፈው ፊቱ እንዴት እንደሚሆን አውቃለሁ። እውነትሽን ነው ሊላት ነበር።

እውነትሽን ነው ቢላት ጥላ ይሸነፋል ብዬ ፈራሁ። ከመቀመጫዬ ተነሣሁ፤ እጄንም ከራሴ በላይ አንሥቼ አጨበጨብኩ።

«መሀል ሰፋሪ፣ ሁለት ቤት አዳሪ!»

ጎኔ ያሉት ተቀበሉኝ። ከዚያ የኋላው ረድፍ። ከዚያ፣ ይህን እስከ ዛሬ ማመን ያቅተኛል፣ የግራው ወገን። ዶሮና ጥላ ወር ሙሉ በምንም ሳይስማሙ ቆይተው በአንዲት ሴት ላይ ተስማሙ። ያ ግጥም ኮላ ድባ ላይ ለገበሬው ሲባል ቀልድ ነበር። አዳራሽ ሙሉ ወንድ ለአንዲት ባል ለሞተባት ሴት፣ ሁለት ቤት አዳሪ እያለ ሲያጨበጭብ ግን ሌላ ነገር ነው። ምን ማለት እንደሆነ ለአማርኛ ተናጋሪ መተርጎም አያስፈልግም። እኔ ራሴ የሰማሁት ያኔ ነው፣ ሦስተኛው ዙር ላይ። ማቆም ፈልጌ እጄን ዝቅ አደረግኩ፤ ግን የጀመረው እንጂ የሚያስቆመው አልነበረም።

ለዓመታት ለራሴ የተናገርኩት፣ ድምፅ ማጉያው ድምፁን አበላሽቶት ማን መሆኗን አላወቅኩም ብዬ ነው። ለባለቤቴም እንደዚያ ብያታለሁ። ውሸት ነው። «አያ ይማም» ስትል ጀምሮ አውቄያታለሁ። ስሟንም ነግራናለች። እሷም እኔን አይታኛለች፤ ቆሜ ነበርና ዓይናችን ተገጣጠመ። ወረቀቱን በአራት አጠፈችው፣ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው፣ በሰው መሀል የማርያም መንገድ እየለመነች ወጣች። መምህር አስናቀ አፉን ገጠመ። ሰብሳቢው ስለ መንገድ ጥያቄ አስከተለ።

ቤት ስደርስ ምስር ትለቅም ነበር። እህቴ ከጎኗ ተቀምጣ ታነባለች። ቁጭ አልኩ። እናቴ ጠጠር እየለየች፣ ቀና ሳትል፣ «ያን ነገር ማን ጀመረው?» አለችኝ።

«አላየሁም። ከኋላ ነው የመጣው» አልኳት።

ከዚያ ምስሩን ወደ ጎን አደረገችና፣ «እኔም አላየሁም» አለችኝ። ተነሥታም እራቴን አቀረበችልኝ። በላሁ። ያን እራት እንዴት እንደበላሁት አላውቅም፤ ግን በላሁ፣ ጨምሪልኝም አልኩ፤ ያልበላሁ እንደሆነ ታውቅብኛለች ብዬ ነው።

ማመልከቻው ለግብር ይውጣ ያህል እንኳ የሚፈርምለት አጣ። እናቴ ከሁለት ያጣች ጎመን ሆነች። ሰኔ ገባ፤ በዚያ ዓመት ዝናቡ ቀደም ብሎ ጀመረ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ወንድሟ ኮሶዬ በኩል ያላትን የውርስ ባሕር ዛፍ ገዛትና ግብሯን ከፈለች፤ ሱቁም ተከፈተ። በሩን ስንከፍት የወጣው ሽታ ወደኋላ መለሰን። ብቅሉ ሻግቶ፣ ጥቁር ሆኖ፣ ጆንያው ላይ ተጣብቋል። በአካፋ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ዕቃም ገንዘብም ስላልቀራት ከዚያ ወዲህ ሱቅ አልነበራትም፤ እግሯ እስኪከለክላት ድረስ ትክል ድንጋይ ገበያ እየወረደች መሬት ላይ ዘርግታ ጌሾ ሸጠች። የእኔንም ትምህርት በዚያው አስጨረሰችኝ።

ማን እንዳሸነፈ መንገሩ አይጠቅምም። ምርጫው ካለፈ ከሦስት ዓመት በኋላ አያ ይማምና መምህር አስናቀ ታረቁ፤ ታርቀውም አብረው እናታችን ቤት መጡ። ሁለት ሽበታም ሰዎች ቤታችን መሀል ቆመው፣ በድለንሻል አሏት። መምህር አስናቀ አለቀሰ። ያን ቀን እፈርምልሻለሁ የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ ያ ጭብጨባ ሲነሣ ፈራሁ አላት። እናቴ፣ እግዜር ይፍታችሁ፣ ተቀመጡ አለቻቸው። እኔ ሻይ እያቀረብኩ ነበር። ብርጭቆውን ሰጥቼ ወደ ጓዳ ገባሁና እዚያ ቆየሁ። ሦስተኛው በዳይ ከጓዳ ሳይወጣ ይቅርታው ተጠናቀቀ።

እናቴ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆናት። ልነግራት ያሰብኩባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው። ስትታመም አጠገቧ አድሬ ልጀምር ስል፣ ጎኔን አዙርልኝ ትለኛለች፣ ውሃ ስጠኝ ትለኛለች። አሁን ሳስበው ሆን ብላ ይመስለኛል። እንድናገር ብትፈቅድልኝ አየሁ ማለት ሊኖርባት ነው፤ አየሁ ካለች ደግሞ ልጄ ነው ያደረገው ማለት ሊኖርባት ነው።

ከኮሶዬ ስንወጣ ቢንያም ምሳዬን መተዌ አስጨንቆት ምን ሆነሃል አለኝ። መንገዱ ቁልቁል እየተጠማዘዘ ወደ ጎንደር ይወርዳል፤ እኔም ያንኑ ያህል እየተጠማዘዝኩ ነገርኩት። ድምፁን አላወቅኩም የምትለዋን ውሸት ግን አልጨመርኩም። አያቱ አሳድጋዋለች። ከተማው መግቢያ ላይ መኪናውን ከመንገድ አወጣና አቆመ። መሪውን እንደያዘ፣ «አንተ አልተወዳደርክ። ምን ልታገኝ ነው ያደረግከው?» አለኝ።

ሁለቱ ሰዎች ወንበር ነበር የፈለጉት፤ ወንበር የሚፈለግ ነገር ነው። ልጁ መልስ እየጠበቀ አየኝ። «ጥላ እንዳይሸነፍ ብዬ» አልኩት፤ ለእኔ ግን ከዚያ የተረፈኝ አንድም ነገር የለም።